የሚስተር ዕዝራ መጽሐፍ አርባ አንደኛው ገጽ

ወልቂጤ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለረድኤት፤

እኛን እዚህ የሚጠብቅ ጌታ አንቺንም በሰው አገር ይጠብቅሽ። ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። የእንጨት ሥራ ቤቱም ደህና ነው፤ ሰሞኑን በርና መስኮት በዝቶብናል።

ልጄ፣ ጤናዬ ደህና ነው ብልሽም ልቤ ደህና አይደለም። ዋሽቼሻለሁ። አምና ስለ ጃማይካዊው ሽማግሌ ስለ ሚስተር ዕዝራ የጻፍሽውን መጽሐፍ በአማርኛ መልሰሽ ረቂቁን ስትልኪልኝ፣ «ጋሼ፣ አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ያሉትን የቡታጅራ ሴቶች አፈላልገው ስማቸውን ይላኩልኝ» ብለሽኝ ነበር። እኔም አንዴ «እያጠያየቅሁ ነው» አልኩሽ፤ ሌላ ጊዜ «ዘመኑ ስለራቀ የሚያውቃቸው ጠፋ» ብዬ ጻፍኩልሽ። አንድም ሰው አልጠየቅሁም። መጠየቅም አያስፈልገኝም ነበር። ሴቶቹን አውቃቸዋለሁ። ሚስተር ዕዝራ «አስተርጓሚዬ» የሚለው የሆቴል ልጅም እኔ ነኝ።

ገጹ አሁንም ፊቴ ተዘርግቷል። እንዲህ ይላል፦

«መኪናችን ቡታጅራ ላይ ተበላሽታ ዕቃ እስኪመጣላት ስንጠብቅ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከእንሰት ጓሮ የሴቶች ዜማ ሰማሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ሰምቼ አላውቅም። ባዕድ ወንድ እዚያ መግባት ነውር ነው ስላሉኝ አስተርጓሚዬን የድምፅ መቅረጫውን አስይዤ ላክሁት። ሴቶቹ በደስታ ተቀበሉት፤ ፈቅደውም ዘፈኑለት። እኔም ለእያንዳንዳቸው የሐር ሻሽ ላክሁላቸው።»

ሽማግሌው አልዋሸም። የጻፍሽው እሱ የነገረሽን ነው፤ እሱም የነገረሽ እኔ የነገርኩትን ነው።

አንቺ አዲስ አበባ ስላደግሽ ላታውቂው ትችያለሽ። በእኛ ሰፈር ሴቶች ተሰብስበው እንሰት በሚፍቁበት ጓሮ ወንድ አይደርስም፤ ባልም ቢሆን፣ ወንድምም ቢሆን። ሥራው የእነሱ ነው፣ ዘፈኑም የእነሱ ነው። እዚያ ስለ ባልም ስለ አማትም ያሻቸውን ይላሉ፤ ቃሉ ግን ከጓሮው አይወጣም። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ያ እንግዳ ሲያከብረኝ፣ መሣሪያውን ትከሻዬ ላይ ሲያንጠለጥልልኝ፣ «አይሆንም» ማለት አቃተኝ። «ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል» አልኩት። ከዚያ በእንሰቱ መሃል በደረቴ ተስቤ ገባሁ። ማይኩን በቅጠል መሃል አሾልኬ ቴፑ እስኪያልቅ ድረስ ትንፋሼን ውጬ ተኛሁ። ማንም አላየኝም። ሻሾቹንም አልሰጠኋቸውም፤ «ከማን ነው?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? ለእናቴና ለእኅቶቼ «ገዛሁላችሁ» ብዬ አደልኳቸው። መረቁኝ።

አሳታሚዎችሽ ስም ከፈለጉ ስም አለ። ከዚያ በፊት ግን ይህን ማወቅ ይገባሻል።

ፍርድሽን የሚጠብቅ አጎትሽ፣
ገዛኸኝ


በርሚንግሃም፣ ኅዳር 28 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ ገዛኸኝ፤

እግዚአብሔር ጤናና ዕረፍት ይስጥዎ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል፣ ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ጋሼ ገዛኸኝ እንደ እባብ በእንሰት መሃል ሲሳቡ ታየኝና አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ይቅር ይበሉኝ። ቤት ስደርስ ግን ተናደድኩ።

ለምን እንደተናደድኩ ልንገርዎ። ይህ መጽሐፍ እንዴት እንደወጣ ያውቃሉ? እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ሚስተር ዕዝራ ሲገባ ማንም አላወቀውም። «የየት አገር ሰው ነሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ኢትዮጵያ አልኩት። «ቡታጅራ መኪናዬ ተሰብራ ነበር» አለኝ! ሻይ ሳቀርብለት፣ መድኃኒት ስሰጠው፣ ትንሽ በትንሹ ሕይወቱን ነገረኝ። የስንቱን ሬጌ ዘፋኝ ሸክላ ያሠራ ሰው ነው፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልዘፈነም። ጻፍኩት። ሁለት አሳታሚዎች አንቀበልም ብለው መለሱልኝ። አንደኛው «ሰው ስለሚዘፍን ሰው ያነባል እንጂ ስለሚያዘፍን ሰው አያነብም» አለኝ። ሦስተኛዋ ከሸክላ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ የምትሠራ ሴት ናት፤ እሷ ተቀበለችኝ። ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ የዕዝራ ሳይሆን የአንድ ዘፋኝ ሆኖ ቁጭ! «እሱን ማን ያውቀዋል ብዬ ነው» አለች። እኔ ሳለቅስ ዕዝራ ሳቀ። «ተዪው ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ፎቶ ጀርባ ነው የኖርኩት» አለኝ።

ያም ሆኖ አለቀ። አሁን ሁለተኛ እትም ሊወጣ ነው፣ የአማርኛውም አዲስ አበባ ሊታተም ነው። አንድ የሸክላ ኩባንያም ዕዝራ ያኔ የሬጌ ምት ጨምሮ በሸክላ ያወጣውን የእንሰት ጓሮ ዘፈን እንደገና ሊያወጣው ፈልጎ የሴቶቹን ስም ይጠይቀናል። ጋሼ፣ በየስብሰባው ጮክ ብዬ የማነበው አርባ አንደኛውን ገጽ ነው። ሰው የሚያጨበጭበው «ፈቅደውም ዘፈኑለት» ስል ነው። ለካ ለእርስዎ ውሸት ነው የሚያጨበጭበው!

አሁን ሁሉንም ይንገሩኝ። በሕይወት ያለችው የትኛዋ ናት? ደግሞስ ከፊት ሆና የምትመራዋ ማን ናት? ዕዝራ የእሷ ድምፅ ሲጀምር ዓይኑን ይጨፍናል።

አክባሪዎ (አሁንም አክባሪዎ ነኝ)፣
ረድኤት


ወልቂጤ፣ ጥር 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፤

የልብን የሚያውቅ አምላክ ለአንቺ መጽናናትን፣ ለእኔ ድፍረትን ይስጥ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። ስጀምረው ስተወው ነው እንጂ ፖስታ ቤቱ አልበደለም።

በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው። አንዷ አዛለች ናት፤ ጓሮው የእናቷ ነበር፣ ዛሬ የእሷ ነው። ሁለተኛዋ ጎረቤቷ ሀሊሜ ናት። አንዷ ክርስቲያን አንዷ እስላም ናቸው፤ እንሰቱን ግን ዛሬም ተራ ገብተው አብረው ነው የሚፍቁት። ሌሎቹ አልፈዋል።

የምትመራዋ አክስትሽ ጥሩወርቅ ናት።

አዎ፣ ባለቤቴ። ያኔ አላገባኋትም ነበር። ከርቀት ነበር የማያት። ከሻሾቹ አንዱን፣ አረንጓዴውን፣ ወስጄ ለእሷ ሰጠኋት። ከእሷው በሰረቅሁት ነገር የመጣውን ለእሷው ስጦታ አድርጌ አቀረብኩት ማለት ነው። ልቧን ያገኘሁት በዚያ ሻሽ ነው። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር አልነገርኳትም። መጀመሪያ እንዳላጣት ፈራሁ፤ ኋላ ጌታን ተቀብለን ሰው ሲያከብረን፣ ክብሬን ፈራሁ።

ይህ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። የባሰውን ልንገርሽ። በ1985 ከቡታጅራ ለቅሶ ደርሰን ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ጥያን እንዳለፍን ሹፌሩ ከሻሸመኔ ያመጣውን ካሴት ከፈተ። መጀመሪያ ያ የጃማይካ ምት መጣ። ከምቱ ሥር የሴት ድምፅ ወጣ። የጓሮው ዜማ! አክስትሽ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንተ፣ ስማ እስቲ! ይህ የእኛ አገር ዜማ አይደለም እንዴ?»

«ይሆናል» አልኩ።

«ሴትየዋስ? ድምፅዋ ቁርጥ የእናቴን! ማን ትሆን?»

ሰው የገዛ ድምፁን ከመሣሪያ ሲሰማው አያውቀውም፤ እኔም ይህን አላውቅም ነበር። ፊቷን አየሁት። በርቷል። መንገር ከነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። «እኔ እንጃ» አልኳት።

እሷ ዝም አላለችም። ተነሥታ ሹፌሩን «ልጄ፣ ያቺን መልሳት» አለችው። «እማማ፣ ሬጌ ይወዳሉ እንዴ?» ሲላት አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። «ሬጌ የምትለውን አላውቀውም፣ ሴትየዋን ነው የወደድኳት» አለችው። መለሰላት። ራሷን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። በዓመቱ ዐረፈች።

ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ የጌታ ራት ሲታደል እጄን ሰብስቤ እቀመጣለሁ። ወንድሞች «ምነው?» ይሉኛል። ምን እላቸዋለሁ?

የማይገባው አጎትሽ፣
ገዛኸኝ


በርሚንግሃም፣ ግንቦት 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለጋሼ ገዛኸኝ፤

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። አራት ወር ሙሉ ዝም ስላልኩ ሥራ በዛብኝ አልልዎትም። መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

ቴፑን ደጋግሜ ሰማሁት። ልጅ ሆኜ ክረምት እናንተ ዘንድ ስመጣ አክስቴ ልብስ ስትዘፈዝፍ ታንጎራጉር የነበረውን አስታውሳለሁ። ያንኑ ድምፅ ከአንድ ዓመት በላይ በጆሮዬ ሰክቼ ስጽፍ ከርሜ፣ «ስሟ ያልታወቀ ሴት» ብዬ አስፍሬዋለሁ። የእናቴን እኅት! ስለዚህ በእርስዎ ላይ ብቻ ልፈርድ ብዬ ብሞክር አልሆነልኝም። አልተቆጣሁም ግን አልልም። ያቺ አውቶቡስ ከዓይኔ አትጠፋም።

ለዕዝራ ነገርኩት። ውኃ ስጪኝ አለኝ፤ ጠጣ። ከዚያ ምን አለኝ መሰልዎ? «ያንን ልጅ ሴቶቹ እሺ አሉ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ አዎ አለኝ። ሳልጨርስ! ሰው ሲፈቅድ ትንሽ ያስባል። ውሸት እንደሆነ በዚያው ደቂቃ አውቄያለሁ። ዜማውን ግን ፈልጌው ነበር። ለልጁ ብቻውን አትስጪው፤ ግማሹ የእኔ ነው።»

አሁን ነገሩ እንዲህ ሆኗል። ዕዝራ ሁለተኛውን እትም አስቁሟል። አሳታሚዋ «ልታከስሩኝ ነው!» ብላ ጮኸች፣ በኋላ ግን ተቀመጠችና አሰበች። የተስማማነው ይህን ነው፦ ሴቶቹ እውነቱን ሰምተው ከፈቀዱ ገጹ ተስተካክሎ ይታተማል። እምቢ ካሉ የቡታጅራው ምዕራፍ ከእንግሊዝኛውም ከአማርኛውም ይወጣል፤ ዘፈኑም እንደገና አይወጣም። አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት ሌላውን ጨርሶ ይህን ገጽ ባዶ አድርጎ ይጠብቀናል።

እኔ ከዚህ ሆኜ ልጠይቃቸው አልችልም። ቡታጅራ ለእርስዎ ሩቅ አይደለችም። ዕዝራ ደግሞ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ይህን በሕይወቱ እያለ ማየት ይፈልጋል።

ረድኤት


ወልቂጤ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፤

ዝምታሽን የሰበረልሽ አምላክ ስሙ ይባረክ። ለሚስተር ዕዝራም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ሸክሜን ሊካፈለኝ መፈለጉ አስለቅሶኛል።

የታዘዝኩትን ግን እንደታዘዝኩት አልፈጸምኩም። እንደ ወጋችን ሽማግሌ ላክሁ። ነገር ሲበላሽ ሽማግሌ ነዋ የሚላከው! ቡታጅራ ጨርቅ የሚነግደውን ወዳጄን አቶ ከድሮን፣ ከእሱም ጋር አቶ አበራን ለመንኳቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው አዛለች ደጅ ቆሙ። ከድሮ ጉዳዩን ነግሮኝ ሲጨርስ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ።

አዛለች ሰምታ ሰምታ፣ «በሽማግሌ የምትጠየቀው ለጋብቻ የምትፈለግ ሴት ናት። እኔ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ገዛኸኝ ዛሬ ሊያገባኝ ነው?» አለቻቸው።

ሀሊሜ ደግሞ ከጓሮ ድምፅ ሰምታ ብቅ አለች። «አንተ ከድሮ፣ ይህን የሚያህል ጢም ይዘህ ለዚህ መጣህ? የሰረቀን እሱ፣ የምትለምነን አንተ! እግር የለውም እንዴ? ያኔ በደረቱ የመጣ ዛሬ በእግሩ ይምጣ!» ብላ መለሰቻቸው።

ከድሮ «በሕይወቴ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም፤ ግን እውነቷን ነው» ብሎኛል።

ልጄ፣ ፈርቻለሁ። ሌላ ሰው ፊት ልቆም እችል ይሆናል። እነዚህ ግን ጥሩወርቅን ለእኔ የዳሩልኝ፣ እልል ያሉልኝ ሴቶች ናቸው። ደግሞ ዝናቡ በርትቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው እያልኩ ለራሴ ሰበብ እፈልጋለሁ። ምዕራፉ ከመጽሐፉ ቢወጣስ? ሚስተር ዕዝራ ብዙ ታሪክ አለው፤ አንድ ምዕራፍ ቢጎድልበት ማን ያውቃል? እስቲ አስቢበት።

ገዛኸኝ


በርሚንግሃም፣ መስከረም 8 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጋሼ ገዛኸኝ፤

እንኳን አዲሱን ዓመት በጤና አሳየዎ። አደይ አበባ በዓይኔ ላይ ውል ይላል፤ እዚህ የሚፈካው ዣንጥላ ብቻ ነው።

አሰብኩበት። ምዕራፉን ማውጣት ቀላል ነው፣ አሳታሚዋ እንደውም ደስ ይላታል። ማንም አያውቅም ያሉት እውነት ነው። እኔ ግን አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ጋሼ፣ አክስቴ ልጅ አልወለደችም፤ የተወችው ፎቶም አንድ የመታወቂያ ብቻ ነው። ሴቶቹ አይሆንም ብለው ቢያወጡት አከብራለሁ። እርስዎ ስለፈሩ ብቻ ከወጣ ግን፣ ይህ ሁለተኛ ጊዜ «እኔ እንጃ» ማለት ነው።

አሳታሚዋ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ትጠብቀናለች። አንድ ደስ የሚል ወሬ ልንገርዎ፦ ለሁለተኛው እትም የዕዝራን ፎቶ ራሴ አነሣሁት። ክራባት ካላሰርኩ ብሎ አስቸግሮ፣ በመጨረሻ ባርኔጣውን አጣምሞ ሲስቅ ያዝኩት።

ዝናቡ አባርቷል ጋሼ። ይሂዱ።

ልጅዎ ረድኤት


ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፤

ባሕርን ለሕዝቡ የከፈለ ጌታ ለእኔም አንድ የአጥር በር ስለከፈተልኝ እያመሰገንኩ እጽፍልሻለሁ። እጄ ስለቆሰለ ጽሕፈቴ ቢንሻፈፍብሽ አትፍረጂ። የቆሰለበትን ምክንያት ታገኚዋለሽ።

ኅዳር ውስጥ ሄድኩ። የእሑድ ልብሴን ለብሼ፣ ከቡታጅራ ገበያ ሻሾች ገዝቼ አዛለች ደጅ ቆምኩ። ከጓሮው የሴቶች ጫጫታ ይሰማል፤ እንሰት እየፋቁ ነው። ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ተጣራሁ።

«ማነህ?»

«ገዛኸኝ ነኝ።»

«የቱ ገዛኸኝ? በደረቱ የሚሄደው?» ሳቁ ከየአቅጣጫው ፈነዳ። «ና ግባ!» አለች አዛለች።

ወደ ቤቱ ስሄድ «ወዴት? ወደዚህ ነው እንጂ፣ ወደ ጓሮ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ኧረ አዛለች፣ ወንድ አይገባም» አልኳት። «አንተ እኮ ገብተሃል። ዛሬ የሚለየው እያየንህ መሆኑ ነው።»

ገባሁ። ወጣቶቹ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሻሾቹን አወጣሁና እያንዳንዳቸው ፊት አስቀመጥኩ። ሀሊሜ አንዱን አንሥታ በጣቷ አሻሸችው።

«ናይለን ነው። የጥሩወርቅ ሐር ነበር። ወላሂ ያን ሻሽ ስንት ዘመን ቀንቼበታለሁ! በራሴ ሻሽ ኖሯል የምቀናው?»

ሀሊሜ የቀርከሃ መፋቂያ እጄ ላይ አኖረችና የተጋደመው ሳንቃ ፊት አስቀመጠችኝ። «ቁጭ ብለህ ተናገር። ወሬ ያለ ሥራ እዚህ የለም» አለችኝ። ረድኤት ልጄ፣ ሃያ ዓመት መላጊያ የገፋሁ አናጢ ነኝ፤ የእንሰት ልጣጭ ግን አዋረደኝ። በእግሬ ልይዘው ስል ያመልጣል፣ ስፍቀው ውኃው ዓይኔ ውስጥ ይረጫል። ጣቴን ላጥኩት። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ እንግዳውን፣ መሣሪያውን፣ የተኛሁበትን ቦታ ጭምር በጣቴ አሳየኋቸው። ሳቁ አልቆመም።

አውቶቡሱ ላይ ስደርስ ቆመ።

«ሳታውቅ ሞተች?» አለች አዛለች።

«አዎ።»

«እየጠየቀችህ?»

«አዎ።»

ሀሊሜ «አላህ ይዘንላት» ብላ ፊቷን በእጇ ጠረገች። ያኔ መፋቂያውን አስቀምጬ ጠየቅኋቸው። ቴፑ ላይ ያለው ድምፅ የእናንተ ነው፣ ቢታተም ትፈቅዳላችሁ ወይ አልኳቸው። ይህን ቃል ለማለት ሃያ አምስት ዓመት እንደፈጀብኝ ጌታ ያውቃል።

አዛለች «አትቸኩል፣ እናስብበት። አንተ ፋቅ» አለችኝ። ራቅ ብለው ቆመው በጉራግኛ ተመካከሩ። ያሰቡበት ጊዜ ረዘመብኝ፤ ርዝመቱ ግን አጽናናኝ። ሚስተር ዕዝራ «ሰው ሲፈቅድ ትንሽ ያስባል» ያለሽ ትዝ አለኝ።

ተመለሱ። አዛለች እንዲህ አለች፦ «ያን ጊዜ የዘፈንነው ባሎቻችንን ስንሳደብ ነው። የእኔው ሞቷል፤ ሰምቶ አይቀየመኝም።»

«የእኔው አለ» አለች ሀሊሜ፣ «ጆሮው ግን ከሞተ ቆየ። ይታተም።»

ሁለት ነገር አዘዙኝ። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ገጹ ይነበብላቸው። ሁለተኛው ስለ አክስትሽ ነው። እኔ «ስለ ጥሩወርቅስ ማን ይፍቀድ?» ስል አዛለች ቆጣ አለች። «ማንም! አንተም አይደለህ፣ ያቺ የእኅቷ ልጅም አይደለችም፣ እኛም አይደለንም። እሷ አልተጠየቀችም። እንደዚያው ብለህ ጻፍ። የሞተ ሰው ፈቀደ ብለህ ሌላ ውሸት እንዳትጨምርብን።»

ስነሣ ሀሊሜ ሥራዋ ላይ ተመልሳ ዜማውን አነሣችው። ያንኑ ዜማ፣ በአዲስ ቃል። ወደ አማርኛ ስመልሰው ቤቱ ይፈርሳል፣ ነገሩ ግን ይህ ነው፦

ከእንሰቱ ሥር ጅብ አደረ ብለን በር ስንዘጋ፣
ለካ የሰው ልጅ ነው፣ ሥጋ ትቶ ድምፅ የሚበላ።

ሁሉም ተቀበሏት። መሣሪያ አልያዝኩም ነበር፤ ብይዝም አልከፍተውም። ቃሉን ለአንቺ እንድጽፍልሽ ግን አስፈቅጃለሁ።

ገጹን ቤቴ ገብቼ በጸሎት ጻፍኩት። ተመልሼ ሄጄ ሳነብላቸው አንድ ቦታ አስቆሙኝ። «ወጣትነት አታሎት» ብዬ ነበር። «ወጣትነት ምን አደረገ?» አለች አዛለች፣ «ያታለልከን አንተ ነህ። ሰርዘው።» ሰረዝኩት። እንግዲህ የቀረው ይህ ነው፦

«ይህን ድምፅ የቀዳው ገዛኸኝ የሚባል የሆቴል ሠራተኛ ነው። ሴቶቹን ሳይጠይቅ በእንሰት መሃል ተደብቆ ቀዳ። ለሚስተር ዕዝራ ፈቅደዋል ብሎ ዋሸ፤ የተላከላቸውን ሻሽም አልሰጣቸውም። በሕይወት ያሉት አዛለችና ሀሊሜ በኅዳር 1990 ተጠይቀው፣ አስበው ፈቅደዋል። ዜማውን የምትመራው ጥሩወርቅ ናት። እሷ አልተጠየቀችም። የገዛ ድምፅዋን አውቶቡስ ውስጥ ሰምታ ማን እንደሆነች ባሏን ስትጠይቀው፣ እያወቀ አላውቅም አላት።»

ለእንግሊዝኛው አንቺ መልሺው። ቃል እንዳታለሳልሺልኝ። ባለፈው እሑድ ይህንኑ ለጉባኤው ወንድሞች አነበብኩላቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ እጄን ይዞ ቤቴ ድረስ ሸኘኝ። ሚስተር ዕዝራን ሴቶቹ «ሐር የላከው ሰውዬ ይመረቅ» ብለውታል፤ ሳትረሺ ንገሪው።

ትናንት አዲስ አበባ ሄድኩ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ወረቀት እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ገጹን ጽፋ ጨረሰችና እንዳርመው አትማ ሰጠችኝ። እኔ መነጽሬን ስፈልግ እሷ በድጋሚ አነበበችው።

«አባባ» አለችኝ፣ «ይህ ገዛኸኝ የሚባለው ሌባና ባልየው ሁለት ሰው ናቸው? ግልጽ አይደለም።»

«አንድ ሰው ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ ይጻፍ እንጂ። ሰው ይምታታበታል።»

«ልክ ነሽ፣ ጨምሪው» አልኳት። «ባሏ» ከሚለው በኋላ «ይኸው ገዛኸኝ» ብላ ጨመረችና ሌላ ወረቀት አወጣችልኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «በሕይወት አለ? ስሙን አጥፍታችኋል ብሎ ቢመጣብንስ?» አለችኝ።

«መጥቷል። እኔ ነኝ» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አቀበለችኝ። ከገጹ ግርጌ «ይታተም» ብዬ ጻፍኩና ስሜን ከነአባቴ ፈረምኩ።